ገንቦ ታቅፎ እስከ አዲ አርቃይ

አንድ ነገር ሳብራራ ሰው ሰዓቱን ካየ፣ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ማብራራት እጀምራለሁ። ይህን ጠባዬን ቀድሜ የነገርኳችሁ ወደፊት ለሚመጣው ጥፋት ስለሚያስፈልግ ነው። ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ጠመኔ መያዝ እወዳለሁ፤ ርዕስ ጽፎ ከሥሩ ማስመር ደግሞ የበለጠ እወዳለሁ። እናቴ "ሽሮው ጨው በዝቶበታል?" ብላ ስትጠይቀኝ እንኳ መልሴ መግቢያ አለው።

ስለዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መጀመሪያ አባቴ፣ ቀጥሎ ገንቦው፣ ከዚያ መንገዱ።

አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። ስኳር የያዘው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በሽታው መጀመሪያ ጨዋ ነበር፤ አመሉን ያወጣው ቆይቶ ነው። ሁለት ጊዜ ሰሌዳ ፊት ጣለው። በሁለተኛው ጊዜ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ እያስተማረ ነበርና ተማሪዎቹ በተግባር የሚያሳያቸው መስሏቸው አጨበጨቡ። ትምህርት ቤቱ አዘነለትና ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛወረው። አባቴ መጻሕፍቱን ቁመት በቁመት ሲደረድር ከረመ፤ አንድ ቀን ግን "እዚህ የሚጠይቀኝ የለም፤ መጻሕፍቱ እንደሆኑ ሁሉን ያውቃሉ" ብሎ ለቀቀ። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ።

የሚቀጥረው ያገኘ ጊዜ ሁላችንም ተደነቅን። ዴስክና ነጭ ሰሌዳ እየሠራ ለትምህርት ቤቶች የሚሸጥ አንድ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ አደረገው። ሐኪሙ "በሰዓትህ ብላ፣ እግርህን አሳርፍ፣ ከቤት አትራቅ" ብሎታል። ሥራው ደግሞ "በየወረዳው ዙር" አለው። አባቴ ሁለቱንም እሺ አለ።

የሙከራ ጊዜው ሦስት ወር ነው። ሁለት ወር ተኩል አልፎ አንድም ሰሌዳ አልሸጠም። ጠዳ ሄዶ ሽንኩርት ገዝቶ ተመለሰ። ነጭ ሰሌዳ ሊያስተዋውቅ ገብቶ ከመምህራኑ ጋር ስለ ጥቁር ሰሌዳ ደግነት ሲያወራ ይውላል። በመጨረሻ ድርጅቱ "አዲ አርቃይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሰሌዳዎቹን ሊቀይር ነው፤ እሱን ካላዋዋልክ እንለያያለን" አለው። እናቴም በበኩሏ "ይህ ካልሆነልህ አርፈህ ትቀመጣለህ፤ በረንዳው ጥሩ ፀሐይ አለው" አለችው። አባቴ ከስኳሩ ይልቅ በረንዳውን እንደሚፈራ የማውቀው እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ በቅንፍ የማስገባው አንድ ነገር አለኝ። (አባቴ ሲያስተምር አይቼ አላውቅም። በእሱ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ ግን "ልጄን እኔ አላርመውም" ብሎ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሌላ ምድብ አስደለደለኝ። እሱ ከግድግዳው ወዲያ ያስተምራል፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሌላ መምህር እያየሁ የእሱን ተማሪዎች ሳቅ እሰማለሁ። ምን እንዳሳቃቸው ማታ ስጠይቀው "ሞንሱን" ይለኛል። ሞንሱን እንዴት እንደሚያስቅ እስካሁን አልገባኝም።) ቅንፉ ተዘጋ።

ወደ ገንቦው። አባቴ ኢንሱሊን ይወጋል፤ ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም፤ አዲ አርቃይ ደግሞ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ያለ የቆላ ከተማ ነው። ስለዚህ አብሬው ልሄድ ወሰንኩና መሣሪያ ሠራሁ። ትንሽ የሸክላ ገንቦ ውሃ ሞላሁበት፣ ብልቃጦቹን በላስቲክ ደራርቤ ቋጥሬ ውሃው ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ገንቦውን በእናቴ አሮጌ ነጭ ነጠላ ጠቅልዬ ነጠላውን አራስኩት። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ፔርሙዝ አይበቃም ወይ ትሉ ይሆናል። ይበቃ ነበር። ግን ፔርሙዝ ላይ ምን ይብራራል?

አባቴ የሚበላበትን፣ የሚያርፍበትንና የሚወጋበትን ሰዓት የያዘ ሠንጠረዥ ደግሞ ካርቶን ላይ በጥቁር ማርከር ጻፍኩ። አባቴ አየውና "ደወሉን ረሳኸው" አለኝ። ማርከሩን ለማንኛውም ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

መንገዱ ሰላም በሰነበተበት አንድ ሐሙስ፣ ክፍለ ጊዜዎቼን ከባልደረባዬ ጋር ተለዋውጬ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስን። አባቴ ቤት ቁርሱን በልቶ መርፌውን ወስዷል። ናሙናውን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ በአንሶላ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። እኔ ገንቦዬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ውሃው እንዳይፈስ አንገቴን ደፍቼ፣ እርምጃዬን እየቆጠርኩ ነው የምሄደው።

ቅጥቅጡ አውቶቡስ ጢም ብሏል። ረዳቱ "መቆም ከቻላችሁ ግቡ" አለን። አባቴ ከቆመ እግሩ ያብጣል። ምን እናድርግ ስንባባል ከፊት ወንበር አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ኋላ ስማቸው አያ ፈንታ መሆኑን የሰማሁ፣ ነጠላውን አዩ፣ ገንቦውን አዩ፣ የተደፋ አንገቴን አዩ።

"ምነው! ጠበል የያዘ ሰው ቆሞ ሊሄድ ነው እንዴ?"

ሁለት ጎረምሶች ሳይጠየቁ ተነሡ። አንዱ ነጠላውን በጣቱ ነክቶ ግንባሩን ነካ። ከአያ ፈንታ ጎን ያሉ እማሆይ ቢጫ ጀሪካናቸውን ሰብስበው ለእግራችን ቦታ ለቀቁ።

"ይህ እንኳን..." ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ አባቴን አየሁት። ቀስ ብሎ ተቀምጦ እግሩን ሲዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። አፌን ዘጋሁት። በሕይወቴ ሳላብራራ ያለፍኩት ነገር ይህ ብቻ ነው።

"የማን ጠበል ነው ልጄ?" አሉኝ እማሆይ።

ሳል ያዘኝ።

"ሳሉንም ያርቅልህ" አሉ።

ኮሶዬ ስንደርስ አውቶቡሱ ለቁርስ ቆመ። የኮሶዬን ጠዋት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰው ሁሉ እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኖ ይንዘፈዘፋል። እኔ ግን በሠንጠረዡ መሠረት ነጠላውን የማርስበት ሰዓት ስለሆነ ከምግብ ቤቱ አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ውሃ ለምኜ ገንቦው ላይ አፈሰስኩ።

"ልጄ" አለ አባቴ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ "ኮሶዬን ነው የምታቀዘቅዘው?"

"ሠንጠረዥ ነው አባባ።"

የአባቴ የጠዋት መቆያ ግማሽ ዳቦና አንድ እንቁላል ነው። ገንቦውን ለአያ ፈንታ አደራ ሰጥቼ ወረድን። አባቴ እንቁላሉን ሲልጥ የምግብ ቤቷን ባለቤት ልጇ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠየቃት፤ ስምንተኛ ስትለው ስለ ስምንተኛ ክፍል ካርታ አነባበብ ጥቂት ነገር ተናገረ። ስለ ነጭ ሰሌዳ ምንም አልተናገረም። ለመቆያው በሠንጠረዡ ከተመደበው ጊዜ ስድስት ደቂቃ አሳለፍን፤ ጥፋቱ የተፈጸመውም በእነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ነው።

ስመለስ የተሳፋሪው ሁሉ ግንባር ረጥቧል። ገንቦው አያ ፈንታ ጭን ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ወደ ውስጥ አየሁ፤ ታቹ ታየኝ።

"ሸጋ ጠበል ነው" አሉ አያ ፈንታ ጺማቸውን እየጠረጉ። "ለሁሉም በየተራው አደረስኩ። ማንም አልተጋፋ።"

"የቧንቧ ውሃ፣ የቧንቧ ውሃ ይላል እንጂ" አለ ረዳቱ።

"አንተ ምን ታውቅና! አፍህ ሲጋራ ለምዶ ነው" አሉት እማሆይ።

"ላስቲኩስ?" አልኩ። "ውስጡ የተቋጠረ ላስቲክ ነበር።"

"እምነቱን ነው? እንዳይረገጥ ብዬ እዚሁ..." አያ ፈንታ ጋቢያቸውን ገለጡ፣ ኮታቸውን ፈቱ፣ ከሹራባቸው ሥር እጃቸውን ሰደው ቋጠሮውን አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ብልቃጦቹ ዶሮ የታቀፈቻቸው እንቁላል ያህል ሞቀዋል።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ተቆጣኝ ብዬ አላማውም፤ ዝም ብሎ ቅንድቡን ወደ ተሳፋሪው አነሣ። ትርጉሙ ገባኝ፤ ለተማሪ "ወጥተህ ለክፍሉ አስረዳ" የሚባልበት ቅንድብ ነው።

አስረዳሁ። መኪናው መንቀሳቀስ ከጀመረ ጀምሮ እስከ ዳባት አስረዳሁ። ጠበል አለመሆኑን፣ ለወንበሩ ብዬ ዝም ማለቴን፣ ይቅርታ መጠየቄን፣ አባቴም መምህር የነበረ ዛሬ ግን ሰሌዳ ሊሸጥ የሚዞር መሆኑን በአጭሩ ከተናገርኩ በኋላ ወደ ሰፊው ክፍል ገባሁ። ቃል ብቻውን አልበቃኝም። የናሙናውን ሰሌዳ ከአንሶላው አወጣሁ፣ ኪሴ ያለውን ማርከር ከፈትኩ፣ ጨጓራ ሣልኩ፣ ከጨጓራው ኋላ ቆሽት ሣልኩ፣ ከቆሽቱ ኢንሱሊን ሲወጣ በቀስት አሳየሁ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ቆሽቱ እየሰፋ ሄደ። ከሥሩ አሰመርኩበት።

ማርከሩን ከደንኩ።

"እንግዲህ" አሉ አያ ፈንታ፣ "የጠጣነው የቆሽት ውሃ ነዋ።"

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። እማሆይ ብቻ አልሳቁም። አባቴን ሲያዩት ቆዩና "መምህር፣ በዚህ ሕመም ነው ዙር የሚሄዱት?" አሉት።

"በዚሁ ነው፣ እማሆይ።"

"መድኃኒቱስ ቢሆን የማን ሥራ ነው? በሉ ገንቦው ባዶውን አይወርድም።" የጀሪካናቸውን ክዳን ፈቱ። ከገዳም ያመጡት እውነተኛ ጠበል ነበር። ለውሸት ጠበል ይቅርታ ጠይቄ ሳልጨርስ ገንቦዬ በእውነተኛ ጠበል ተሞላ፤ ቋጠሮውንም መልሼ ከተትኩት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነጠላውን የማርሰው ጫማዬን አውልቄ ሆነ።

ከደባርቅ በኋላ አባቴ መናገር አቆመ። ሕመም መስሎኝ ሠንጠረዤን አወጣሁ። እሱ ግን ፊቱን መስኮቱ ላይ ለጥፏል። ሊማሊሞ ጀምሮ ነበር፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥራችን አምባዎቹ አንዱ ካንዱ ኋላ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ገደል በጠመኔ ሲሥል ኖሯል። ከደባርቅ አልፎ አያውቅም። በደሞዝም፣ በዕረፍትም፣ ከልጅ ከቤትም አልተመቸውም።

"አሳንሼ ነበር የምሥለው" አለ ቆይቶ። "ልጆቹ ይሄን ያህል መሆኑን አላወቁም።" ጥቂት ኩርባዎች እንዳለፍን ደግሞ "አሁን ሳየው የምነግረው ክፍል የለኝም" አለ።

ገንቦውን አጥብቄ ያዝኩ።

አዲ አርቃይ ደርሰን አባቴ ምሳውን በልቶ አረፍ ካለ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቢሮ ቀረብን። ፈጣን፣ ነገር የማይረዝምባት ሴት ናት። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ድርጅቱ ያስጠናውን ንግግር ጀመረ፤ "ነጭ ሰሌዳ አቧራ የለውም፣ ይጠረጋል፣ እንደ አዲስ ይሆናል" አለና አንሶላውን ገለጠው።

ቆሽቱ ወጣ።

አባቴ በመሐረብ ጠረገው። አልለቀቀም። በውሃ ጠረገው። አልለቀቀም። የካርቶን ማርከርና የነጭ ሰሌዳ ማርከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው። እኔ የጠመኔ ሰው ነኝ።

"ሰሌዳው ከነትምህርቱ ነው የሚሸጠው?" አለች ዳይሬክተሯ።

አባቴ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በረንዳው ዓይኑ ላይ ታየኝ፤ ፀሐዩም ወንበሩም። በዚህ መሀል ከጎን ካለው ክፍል የተማሪ ጫጫታ ይሰማል፤ መምህር የሌለው ክፍል ጫጫታ ከሌላው ይለያል። አባቴ አንገቱን ወደዚያ አዞረ።

"ምን ሆነው ነው?"

"ዘጠነኛ ክፍል ናቸው። የጂኦግራፊ መምህራቸው ወሊድ ላይ ነች። ይህን ክፍለ ጊዜ በወሬ ነው የሚያሳልፉት።"

አባቴ ተነሣ። "ሰሌዳ እንዴት እንደሚሠራበት ላሳይዎት" አለ። ሰሌዳውን ግን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነው የሄደው።

ተከትዬው ገባሁና ከኋላ የመጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ከአንድ ረጅም ልጅ አጠገብ ገንቦዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አባቴ የተሰነጠቀው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመ። ከመደቡ ላይ ቁራጭ ጠመኔ አነሣ፣ በጣቶቹ መሀል አንከባለላት። ጫጫታው በራሱ ጊዜ ረገበ።

"ዛሬ ጠዋት ኮሶዬ ላይ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነበር። አሁን የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቻለሁ። መሀል ላይ ምን ተፈጠረ?"

"ወረዱ!" አለ አንዱ።

"ጋቢዎን ሸጡት!" አለች ከፊት ያለች ልጅ። ክፍሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ እሰማው የነበረው ራሱ።

"መሸጥ እንኳ አልችልበትም" አለ አባቴ፤ ደግመው ሳቁ። ሊማሊሞን ሣለው። ከሰሌዳው አናት ጀምሮ እስከ ታች፣ በዚያ ጠዋት ባየው መጠን ሣለው፤ ሰሌዳው አልበቃ ሲለው መስመሩን ግድግዳው ላይ ቀጠለ። ደባርቅን ከላይ፣ አዲ አርቃይን ጎንበስ ብሎ ከታች አደረገ። "እናንተ እዚህ ናችሁ። በየቀኑ ቀና ብላችሁ የምታዩት እኔ እስከ ዛሬ በሩቁ ያስተማርኩትን ነው።" ድምፁ ቤት የማውቀው ድምፅ አይደለም። እግሩ ማበጡን የረሳ ሰው አካሄድ ነበረው።

አሥር ሰዓት ሆነ። በሠንጠረዡ መሠረት መቆያ የሚበላበት ሰዓት ነው። እጄን አነሣሁ።

"አቤት፣ ከኋላ፣ ገንቦ የያዝከው።"

"መምህር፣ ሰዓቱ..."

"ደወል ተደውሏል?"

"አልተደወለም።"

"እንግዲያው ጥያቄ ልጠይቅህ። ገንቦው ለምን ይቀዘቅዛል?"

ተነሣሁ። ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ስለ ትነት መግቢያ ሰጥቼ ወደ ሐተታው ስገባ "አጭር አድርገው" አለኝና አስቀመጠኝ። ክፍሉ ሳቀብኝ። አጠገቤ ያለው ረጅም ልጅ "አዲስ ተማሪ ነህ?" ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ጎንበስ ብዬ ገንቦው አፍ ላይ አገጬን አሳረፍኩ፤ ልጁ እንዳያየኝ ነው።

ደወሉ ሲደወል አባቴ ጠመኔዋን ቦታዋ ሊመልሳት እጁን ዘረጋ፣ ተወውና የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። ከዚያ የመቆያ ቆሎውን በላ።

ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማ ጨርሳ አይታለች። "መምህር" አለች፣ "ሰሌዳ ልቀይር አስቤ ነበር። አሁን ይህን ሰሌዳ ብነቅል ልጆቹ ይገድሉኛል። መምህሯ እስክትመለስ እዚህ ቢከርሙልን ምናለበት?"

አባቴ አላመነታም ልላችሁ አልችልም። ሰሌዳውን አየ፣ ልጆቹ የወጡበትን በር አየ፣ ከዚያ የእኔን ገንቦ አየ። የአዲ አርቃይ ሙቀት ነጠላውን አድርቆታል። "ይህን ታቅፎ በየሳምንቱ የሚወርድልኝ ሰው አላገኝም" አለ ቀስ ብሎ።

"እንግዲያውስ ያንን ቆሽት እንኳ ሽጡልኝ" አለች። "የባዮሎጂ ሥዕል የለንም።"

በሦስት ወር ውስጥ አባቴ የሸጠው ሰሌዳ ይህ አንድ ነው፤ እሱንም የሸጠው በእኔ ጥፋት ነው። የድርጅቱ ባለቤት የተበላሸ ናሙና ሸጦ የተመለሰ ሠራተኛ አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ ሲስቅ ሲስቅ ሌላ ሦስት ወር ጨመረለት። በረንዳው ለጊዜው ባዶ ነው። አባቴ አሁንም ዙር ይሄዳል፤ እኔ ክፍለ ጊዜዬን የሚለዋወጠኝ ስለማላገኝ ብቻውን፣ መድኃኒቱን በፔርሙዝ ይዞ። ገንቦው እናቴ ጋር ነው፤ ጠበል ገብቶበታልና ሌላ ነገር አላስነካም ብላለች። አባቴ ትምህርት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው "መምህር የቀረበት ክፍል አለ?" ብሎ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አንዳንዱ አለ ይለዋል፤ አንዳንዱ "ሰሌዳውን ብቻ ያሳዩን" ይለዋል። ማታ ሲመጣ ኪሱን በማየት አውቀዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ነጭ አቧራ አለው፣ አንዳንድ ቀን የለውም።

ባለፈው ሳምንት ኪሱ ላይ የጠመኔ አቧራ ሳይኖር አራት ቀን ተመላለሰ። በአምስተኛው ቀን ደወልኩለት።

"አባባ፣ ረቡዕ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እኛ ትምህርት ቤት መምህር የሚቀርበት ክፍል አለ። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጃለሁ።"

"ማነው የሚቀረው?"

"እኔ።"

"ምን ሆነህ?"

"ከኋላ ዴስክ ላይ ስለምቀመጥ።"

የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል፤ የሆነ መንገድ ዳር ቆሟል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ ከግድግዳው ወዲያ የነበረው ሆነ።

"እንዳታረፍድ" አለኝ።